ምንጩ ላልታወቀው ወሬ ምንጭ፣ ለክቡር አቶ ዩሱፍ ሀመዱ

ለመረጃ ማጥሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ዩሱፍ ሀመዱ
ሰመራ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ግመልዎ፣ ፍየልዎ፣ የአዲሱ ቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሁሉም ደኅና ነው ወይ? አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ድምፅዎንም ይጠብቅልዎ፤ ብዙ ሰው በእሱ ተስፋ አድርጎ ነበርና። እኛ ሎጊያ ያለነው አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሙቀቱ እርስዎ እንደሚያውቁት ነው፤ ያውቁት እንደነበረው ማለቴ ነው።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ከድሩ አብዱናሲር እባላለሁ። ከማደያው ጀርባ የከባድ መኪና ጎማ ስጠግን ኖሬ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ የተቀመጥሁ ወሎዬ ሽማግሌ ነኝ። እርስዎ የተቃዋሚ ፓርቲ እጩ ሆነው ከአዋሽ በመጡ ጊዜ የሎጊያ ሆቴል ሁሉ ባዶ አልጋውን ዘግቶ «ሞልቷል» ሲልዎት፣ ፍራሽ የተነጠፈልዎት በእኔ ቤት ነው። ያን ጊዜ «አባ ከድሩ፣ አንቱ አይበሉኝ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ» ብለውኝ አንተ ስልዎት ነበር። አሁን ልጅነቱን ስለተዉት አንቱታውን ከነክብሩ መልሼልዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁት ለድፍረት አይደለም። ቢሮዎ በር ድረስ መጥቼ ነበር። ጥበቃው ትሑት ልጅ ነው፤ በመጣሁ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አባባ» እያለ ወንበር ይሰጠኛል። ወንበሩን በጣም አመሰግናለሁ። ከምርጫው ወዲህ ከእርስዎ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ቢያነብ ነገሩ እንዲገባው ስለ ዳጉ ጥቂት ልበል። እርስዎ አፋር ነዎት፤ ወሎዬ ተነሥቶ ስለ ዳጉ ቢነግርዎ ነውር ይመስላል። ይሁን እንጂ ወንበር ብዙ ነገር ያስረሳል ይባላል። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ያየውን አየሁ ይላል፤ የሰማውን ከማን እንደሰማ ስም ጠርቶ ይናገራል። ባለቤት የሌለው ወሬ ዳጉ አይባልም። ወሬው ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጠየቀው መጀመሪያ «በዓይኔ አየሁ» ያለው ሰው እንጂ ስሙን ጠርቶ ያቀበለው አይደለም። እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም፤ ፊደል የለየሁት ከታፔላና ከመኪና ጎን ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የአገሩን ሕግ አዋጅ በአዋጅ አንብቤአለሁ፤ ከዚህች የአርብቶ አደር ሕግ የተሻለ አንቀጽ ግን አላገኘሁም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ። ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ። መኪኖች በሚያድሩበት ሜዳ ላይ፣ የምርጫ ምልክትዎን ቢጫውን ጀሪካን በእጅዎ ይዘው፣ «ሬዲዮ ቢነፍጉን፣ ጋዜጣ ቢዘጉብን፣ ዳጉን የሚዘጋ ማን ነው?» ሲሉ ሜዳው ተናወጠ። ቀጥለውም የውሃ ቦቴዎች ድርቅ ወዳለባቸው ቀበሌዎች ሲሄዱ፣ ለእርስዎ ፓርቲ ድጋፍ የሰጡትን ሁለት ቀበሌዎች አልፈው እንደሄዱ፣ ይህንንም ከሰው ሳይሆን በራስዎ ዓይን እንዳዩ ነገሩን። «በስሜ አድርሱልኝ» አሉ። የልጄ የአሪፋ ባል መሀመድአሚን የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ እርስዎም ያውቁታል፣ ያን ሰሞን ጓዝዎን የተሸከመው እሱ ነው። ቃልዎን ተቀብሎ በሚቆምበት ሁሉ፣ በሚሌ፣ በገዋኔ፣ እስከ አዋሽ ድረስ፣ «ዩሱፍ ሀመዱ በዓይኑ አይቶ ነገረኝ» እያለ አደረሰልዎ። አንዲት ፊደል አልጨመረም፤ አንዲት አልቀነሰም።

በነገራችን ላይ ያን ጊዜ ጀሪካን በራቸው ላይ የሰቀሉ ሴቶች ከምርጫው በኋላ አንድ በአንድ ተጠይቀዋል። ጎረቤቴ ሀብትነሽ ሚሊሻው «የምን ፓርቲ ነው ይሄ?» ቢላት «የውሃ ነው፤ ከመጣ ልቀዳበት፤ ምነው፣ አንተ ልታመጣልኝ ነው?» ብላ መልሳዋለች። እስካሁን ከእርስዎ ፓርቲ አቋሙን ያልለወጠ እሷና ጀሪካኑ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ። ስለ አደራዎ አመሰግናለሁ። ምርጫው አልፎ እርስዎና መሀመድአሚን በአንድ ቀን ተያዛችሁ፤ በአንድ ክፍልም ታሰራችሁ። እዚያ ሙቀቱ ጥሎዎት ነበር። ልጁ የራሱን ውሃ እያጠጣ፣ በሸሚዙ እያራገበ አስታመመዎት። ታዲያ ለምርመራ ሊጠራ ሲል እጁን ይዘው «ለጊዜው ስሜን አታንሣ፤ እኔ ከወጣሁ በራሴ አፍ እናገራለሁ፤ አማና ነው» አሉት። አማና የሚለውን ቃል እርስዎ ነዎት ያነሡት፤ እኔ አልጨመርሁም። መርማሪው «ይህን ወሬ ከማን ሰማህ?» ሲለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ስም ሳይጠራ ዳጉ ተናግሮ የማያውቀው ልጅ «አላስታውስም» አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አይገባኝም ነበር። ሚሌ ያለ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነገሩን ሰምቶ አሪፋን «ባልሽ የባለወሬውን ስም ዋጠ?» ብሎ ጠየቃት። ስሙን አልነገረችውም፤ ባሏ በጥየቃ ጊዜ አደራውን ነግሯት ነበርና። ሽማግሌውም ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲህ ሾፌሮች ሻይ ሲጠጡ የመሀመድአሚን ስም ከተነሣ «እሱ እንኳ ወሬው ባለቤት የለውም» ይባላል። የእስሩን ነገር ይችለዋል። ይህን ግን ሳልነግረው ቀርቻለሁ።

ሦስተኛ። በሰላም ስለ መፈታትዎ አመሰግናለሁ፤ ይህ ከልቤ ነው። የፈቱዎት ሰዎች ያሰሩዎት መሆናቸውን፣ በር ላይ የጠበቀዎት መኪና የእነሱ መሆኑን፣ ፓርቲዎም በሳምንቱ «ለሰላም ሲል» መክሰሙን ስንሰማ እንኳ ክፉ አላሰብንም። አሪፋ «አሁን ይናገራል» ብላ ቴሌቪዥን ያለበት ካፌ ሄዳ ተቀመጠች። እርስዎም አላሳፈሯትም፤ ተናገሩ። ከረባት አስረው፣ ከጀርባዎ ባንዲራ ቆሞ፣ «ምንጩ ያልታወቀ መረጃ የሚያሰራጩ ጥቂት ግለሰቦች በሕግ ሊጠየቁ ይገባል» አሉ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ በብዙ ደረቅ ምንጭ አጠገብ አልፌአለሁ። ራሱ ምንጩ ቆሞ «ምንጩ አይታወቅም» ሲል ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። መሾምዎን አልተቃወምሁም። ሰው ይደክመዋል፤ እስር ያስፈራል፤ ልጅም ያሳሳል። ከተቃዋሚነት ቢወጡ፣ ዝም ቢሉ፣ አገር ጥለው ቢሄዱ እንኳ ፍራሹን መልሼ አነጥፍልዎ ነበር። እርስዎ ግን የወጡበትን በር በልጁ ላይ ቆለፉት።

አራተኛ። መሀመድአሚን የሐሰት ወሬ ፈጥሮ በማሰራጨት ተከሷል። እርስዎ ከተሾሙ በኋላ ጠበቃው ለምኖት፣ «የነገረኝ ዩሱፍ ሀመዱ ነው» ብሎ ለችሎቱ ተናግሯል። ዳኛውም «መጀመሪያ አላስታውስም ብለሃል፤ ያልኸውን ሰው አምጣና ይመስክር» አሉት። መጥሪያ ተላከልዎ። «ለሥራ ጉዳይ ከከተማ ወጥተዋል» የሚል መልስ መጣ። ሥራው ምን እንደነበር በኋላ አየን፤ አዋሽ ላይ በባሕል ቀን መድረክ ላይ ቆመው «ዳጉ፦ የታማኝ መረጃ ቅርሳችን» በሚል ርእስ ሰፊ ገለጻ ሲሰጡ ነበር። ሲጨበጨብልዎም አይተናል። ስለ ቅርሱ ጥበቃ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው መጥሪያ ሲመጣ ደግሞ ታመዋል ተባለ፤ ይማርዎ።

አሁን የቀረው አንድ ቀጠሮ ነው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት፣ እዚያው ሰመራ። ያን ቀን ምስክር ካልቀረበ ዳኛው ባለው ማስረጃ ፍርድ እሰጣለሁ ብለዋል። ያለው ማስረጃ ደግሞ የእርስዎ የቴሌቪዥን ቃል ነው። መሀመድአሚን ስንት ዓመት እንደሚፈረድበት ጠበቃው ነግሮኛል፤ እኔ ለአሪፋ አልነገርኋትም።

የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም። ፓርቲዎን መልሰው ያቁሙ አላልሁም። መንግሥትን ይውቀሱ አላልሁም። ቦቴዎቹ ስለ ማለፋቸው እንኳ «ተሳስቼ ነበር፤ መስሎኝ ነው» ቢሉ የራስዎ ጉዳይ ነው። ችሎቱ ፊት ቆመው «ወሬውን የነገርሁት እኔ ነኝ» ይበሉ። ይህን ለማለት ጀግና መሆን አያስፈልግም፤ አፋር መሆን ይበቃል። ልጁ ስምዎን ውጦልዎታል፤ እርስዎ ይትፉት።

ቢሮዎን፣ መኪናዎንና ጥቁር መስታወቱን አላህ እንዲጠብቅልዎ፣ ወንበርዎም ለእኔ እንደተሰጠኝ ወንበር በር ላይ የሚያስጠብቅ እንዳይሆንብዎ እየለመንሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እሰናበትዎታለሁ።

አንድ ጊዜ አባትዎ የነበርሁ፣
ከድሩ አብዱናሲር
ሎጊያ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት መሀመድአሚን ሳያውቅ ነው። ባለፈው ጥየቃ ስሄድ ነገሩ ገብቶት «አባባ፣ ምንም አይጻፉበት። ዩሱፍ ይመጣል፤ ይዘውት ነው እንጂ ይመጣል» ብሎኛል። ከሚሌ እስከ አዋሽ እርስዎን የሚያምን ሰው ብፈልግ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው። እኔ ግን አይመጣም ብዬዋለሁ። ሰኞ ጠዋት እንግዲህ ከሁለታችን አንዳችን ውሸታም እንሆናለን። በዚህ ዕድሜዬ ማንም ውሸታም ብሎኝ አያውቅም። እባክዎ፣ እኔን ያድርጉኝ።