ዛሬ ዓይኔን አልጨፈንኩም

ጥቅምት 9 ቀን 1971፣ ናዝሬት

ገደልኩት! በቆሏችንን የጨረሰውን ድኩላ እኔው ገደልኩት! ባሌ ዘመቻ ከሄደ ወዲህ ማሳው የኔና የአማቼ ነው፣ የሳቸው ዓይን ደግሞ ደክሟል። የአደን ጠመንጃቸውን ቀበሌ አያውቀውም። አንድ ተኩስ ከየት እንደመጣ አይለይም፣ ሁለቴ ከተተኮሰ ግን የቀበሌ ዘበኞች ይመጣሉ፣ ስለዚህ መሳት የለም።

እኔ ደግሞ ሁሌ እስታለሁ። ትናንት ሳይነግሩኝ ባዶ ቀልሃ አጎረሱልኝ። ቃታውን ስስብ ቀጭ ብቻ አለ፣ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ አለ።

"አየሽ? የሚስተው ጠመንጃው አይደለም፣ አንቺ ነሽ። ድምፁን ፈርተሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ" አሉኝ። ቀኑን ሙሉ በባዶው ሲያለማምዱኝ ዋሉ።

ዛሬ ጠዋት ድኩላው አዋሽ ዳር ወዳለው ማሳችን መጣ። ከራቀ ከጥይቱ የሚወጡት የእርሳስ ፍሬዎች ይበተናሉ ስላሉኝ ሃያ እርምጃ እስኪቀረው ጠበቅኩት። ዓይኔን ሳልጨፍን ሳብኩ። ወደቀ!

አማቼ "ገዳይ! የኔ ጀግና!" ብለው አውሬ ለገደለ ወንድ እንደሚደረገው አናቴ ላይ ቅቤ አደረጉልኝ።

"ኧረ አባባ፣ ነገ የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ፣ ይታወቅብናል!"

ሳቁብኝ። "ሴት ቅቤ ተቀባች ብሎ ማን ይጠረጥራል?"

እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ቢሆንም አልታጠብም።