ስለ አባቴ ቋጠሮዎችና ስለ አምስቱ የጥርስ ዘመናት

ለተከበሩ ጓድ አሻግሬ፣
የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ደባርቅ

የተከበሩ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በመስከረም ሁለቱ በዓል ሦስት ሰዓት ቆመው ሲናገሩ ድምፅዎ አንድ ጊዜ እንኳ ስላልሰለለ ስለ ሳንባዎ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። እርስዎ በፈጣሪ ስለማያምኑ ምስጋናው እኔ ዘንድ ይቀመጥልዎ። እኔ የሺወርቅ ውዱ በዳባት ሳይንስ አስተምር የነበርኩ፣ እርስዎ መስከረም 9 ቀን ያሳሰሩት ገበሬ፣ የውዱ ልጅ ነኝ።

አምና ከአዲስ አበባ የመጡ የድንጋይ ምሁራን ከሊማሊሞ ገደል ሥር የጥንት አውሬ ጥርስ አግኝተው አባቴን በመንገድ መሪነት ቀጥረውት ነበር። እንዳስረዱን ምድር የራሷ ዘመናት አሏት፤ በየአገሩ አንዱ ዘመን ከሌላው የሚለየው በየአፈሩ ንጣፍ ተቀብሮ በሚገኘው አጥንት ነው፣ ስሙንም የሚያገኘው አጥንቱ ከወጣበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ በትክክል ከተያዘ በእኛም ገደል ስም አንድ ዘመን ይጠራ ነበር። አባቴ ፊደል ስላልቆጠረ የቀጠሮ ቀን በሚይዝበት ዘዴ በየከረጢቱ አፍ ላይ ክር ቋጠረ፤ ከታችኛው ንጣፍ ለወጣው አንድ ቋጠሮ፣ ከዚያ በላይ ላለው ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ሰባት። ምሁራኑ ክረምት ሲገባ ከረጢቶቹን በአደራ ሰጥተው ሄዱ። አደራውን የተቀበሉት እርስዎ ነበሩ፤ ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. በቋጠሮ ማመን የአድኃሪያን ልማድ ነው ብለው ክሮቹን በመቀስ አስቆርጠው፣ ሰባቱንም ከረጢት አንድ ሰሌን ላይ ስላስዘረገፉ አመሰግናለሁ። ጤፍና ገብስ የደባለቀ ገበሬ ከሚስቱ ስድብ ይጠግባል፤ እርስዎ ግን የሚሊዮን ዓመታትን ዕድሜ ደባልቀው ተጨበጨበልዎ።

2. ጥርሶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው ጋርዮሽ፣ ባሪያ አሳዳሪ፣ ፊውዳል፣ ካፒታሊዝም፣ ሶሻሊዝም የሚል ወረቀት ስለለጠፉባቸው አመሰግናለሁ። ሶሻሊዝም ያሉት፣ ጡጫ የሚያህለው ጥርስ፣ ዘር ሳይተካ የጠፋ አውሬ ጥርስ ነው። ምሁራኑ ይህን ነግረውናል፤ በዓልዎን ላለማበላሸት ዝም ብዬ ነበር።

3. አባቴ ግን ዝም ማለት አልቻለም። ጋቢውን አደግድጎ ቀረበና፣ ጌታው፣ የላዩን ከታቹ ደባለቁት እኮ፣ ቦታቸውን እኔ አውቃለሁና ልመልሳቸው ብሎ ለመነዎ። በሳምንቱ እነዚያው ልማድ የተባሉ ክሮች የወንበዴ ምሥጢራዊ መልእክት ሆነው ተገኙ፤ ሰባት ቋጠሮም ሰባት መትረየስ ነው ተባለ። እንዲህ ያለ ንቃት በአውራጃችን ታይቶ አይታወቅም።

የሚከተለው ተራ ቁጥር የለውም። እናቴ አገርነሽ በየቅዳሜው በጭነት መኪና ተሳፍራ ከዳባት ደባርቅ ስንቅ ታደርስ ነበር። ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በገብርኤል ዕለት፣ ዘበኛው አገልግሉን ሳይከፍት መለሰላትና የአባቴን ጋቢ ደረበላት። አስከሬኑን ስንጠይቅ ከቢሮዎ የተሰጠን መልስ የተቀበረበት ቦታ አልተመዘገበም የሚል ነው። ለቅሶ መቀመጥም ተከለከልን። ጓድ አሻግሬ፣ እጠላዎታለሁ፤ ይህን በትሕትና ቃል ለመሸፈን ሞክሬ አልሆነልኝም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቴ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ለሰበካችን ቄስ ይንገሩልን፣ ወሬው እኛ ያለንበት ይደርሳል። እናቴ የምትፈልገው ፍትሐት ነው። እርስዎ በዚህ ባያምኑም በሳይንስ አምናለሁ ይላሉና በሳይንስ ልለምንዎ፤ ቦታው ያልታወቀ አጥንት የማንም አይደለም፣ ይህን አባቴ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀው ነበር። ባይነግሩንም መሬት ቆፋሪ አታጣም። አንድ ቀን ምሁራን ከቢሮዎ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ቆፍረው አጥንቱን ይለቅማሉ፤ ዘመንዎም በዚያ ይለያል። ያን ጊዜ ዘመኑ በቦታው ስም ሳይሆን በእርስዎ ስም እንዲጠራ ከወዲሁ አመለክታለሁ።

«እናት አገር ወይም ሞት» ሲባል አባቴ በምርጫ እንዳይደክም ከሁለቱ አንዱን ራስዎ ስለመረጡለት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የሺወርቅ ውዱ
ጥር 1978 ዓ.ም.
(ይህን በገበያው በር ላይ ተለጥፎ ሲያነቡት እኔና እናቴ ሊማሊሞን ወርደናል።)

ማሳሰቢያ፦ ቋጠሮ መልእክት ነው ማለትዎ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። አባቴ በእስር ያደረበትን ቀን ሁሉ በጋቢው ዘርፍ ላይ ቋጥሮታል። እናቴ ሰባ ዘጠኝ ቆጠረች፤ የመጨረሻው ኅዳር 27 ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ እስከ ገብርኤል ድረስ ሦስት ቅዳሜ ስንቁን ተቀብላችኋታል። ወሩ የነቢያት ጾም ስለነበረ ወጡ ቅቤ አልነበረውም፤ ለተመገቡት ሁሉ ይቅርታ እንዲሉልን እንጠይቃለን።