ያልደረስኩበት ቀብር

ሐሙስ

ወንድሜ ሞቷል። ልጆቼ፣ ሰናይትና ያሬድ፣ ደበቁኝ። ደብቀውም እዚህ የባሕር ዳርቻ ሆቴል አምጥተው አስቀመጡኝ።

ጽሑፌ አያምርም። ግድ የለም፣ የሚያነበው እኔው ነኝ።

እንዴት እንዳወቅኩ ልጻፈው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግርማ ደወለ። ግርማ ኦክላንድ ኤርፖርት ታክሲ በምንነዳበት ዘመን ሁልጊዜ ከኋላዬ የሚሰለፍ ሰው ነበር፤ በዕድሜ ያንሰኛል። "ጋሽ በላቸው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ቅዳሜ ለቀብሩ እኔ እወስድዎታለሁ፣ ማንንም አያስቸግሩ" አለኝ።

"የማን ቀብር?" አልኩት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሙን ጠራሁት። "አልነገሩዎትም እንዴ?" አለ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ።

ተሾመ ማክሰኞ ጠዋት ሳን ሆዜ ቤቱ፣ ቁርስ ቀርቦለት እንደተቀመጠ ነው የሞተው። ታናሼ ነው። ልቡ የታመመው እኔ፣ የሞተው እሱ።

ግርማ ማልቀስ ጀመረ። ለተሾመ ይሁን ለራሱ አልለየሁም። "ሰናይት ትገድለኛለች። አደራዎን ጋሼ፣ አውቃለሁ እንዳይሉ። ከእኔ መሆኑን ወዲያው ነው የምታውቀው።" "አልልም" አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የሰጠሁት ቃል ክብደቱ የገባኝ። ግን ሰጥቻለሁ። በሕይወቴ ቃሌን አጥፌ አላውቅም፤ በሰባ ስድስት ዓመቴ አልጀምርም።

ደረቴን ከፍተው ልቤን ከጠገኑልኝ አምስት ሳምንት ሆነ። ሐኪሙ እረፍት ያስፈልገዋል፣ ድንጋጤ ግን እንዳይነካው ብሏል። ሰናይት በርክሌ ነርስ ስለሆነች የሐኪም ቃል ለእሷ ሕግ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "አለርጂ ነው አባዬ። ሰርፕራይዝ አለኝ፣ ሆቴል ቡክ አድርጌልሃለሁ። አንድ ሳምንት ባሕር እያየህ ሪላክስ ታደርጋለህ።"

"ባሕር አይቻለሁ" አልኳት።

"ለእኔ ብለህ" አለች። ስትለኝ ድምፇ ተሰበረ። ለእኔ ያዘነች መሰለኝ።

ሻንጣዬን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ዛሬ አንድ በአንድ አወጣሁት። ሁለት ቱታ። አምስት ካናቴራ። ነጠላ ጫማና ሸራ ጫማ። የመድኃኒት ሣጥን። ስስል ደረቴ ላይ የማቅፈው ትራስ። ዳዊቴ። ሱፍ የለም። ጥቁር ልብስ የለም። የቆዳ ጫማ የለም። ሰው ለቀብር እንዳይነሣ አድርጋ ነው የሸከፈችው።

ቤቴ ብሆን ለቅሶ ደራሽ በሬን ያንኳኳ ነበር። ከቤቴ ያስወጡኝ ለዚህ ነው።

ዓርብ

ሰናይት ደወለች። "ተሾመ እንዴት ነው?" አልኳት፣ ሆን ብዬ።

"ደህና ነው። ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፣ ለዚያ ነው ያልደወለልህ።"

አላቅማማችም። ልጄ መዋሸት አትችልም እል ነበር። ከጀርባዋ ወንበር ሲጎተት፣ ሴቶች ሲያለቅሱ ይሰማኛል። "የት ነሽ?" አልኳት። "ሥራ ነኛ፣ ብሬክ ላይ።" "በይ ሥራሽን ሥሪ" ብዬ ዘጋሁት። ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተሾመ በየቀኑ "መጥቼ ልይህ" ይለኝ ነበር። "ቆሜ ስሄድ ትመጣለህ፤ ተኝቼ አታየኝም" አልኩት። "ወንድም ጋሼ፣ አንተ ስትተኛ አይቼ አላውቅም፣ ለታሪክ አንድ ፎቶ ላንሳህ" ብሎ ቀለደ። አልሳቅሁም። አምስት ሳምንት ሙሉ ከለከልኩት። ይህን ያደረገብኝ ሌላ ሰው አይደለም።

ነገ እሄዳለሁ። ቀብሩ ላይ ሲያዩኝ ምን እንደምል አላውቅም። ምንም አልልም። ከኋላ እቆማለሁ።

በምን እሄዳለሁ? መኪናዬ ኦክላንድ ነው፣ ቁልፉ ሰናይት ጋር። መንዳትም ለጊዜው ተከልክያለሁ። ግርማን ብጠራ እሱን አሳልፎ መስጠት ነው። በስልክ መኪና መጥሪያውን አልጫንኩም፤ የታክሲን ሥራ ያጠፋብን እሱ ነው፣ አልጭንም ብያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሳደርስ ኖሬ ዛሬ የሚያደርሰኝ አጣሁ።

የቀረችኝ የእንግዳ መቀበያዋ ሊንዳ ናት። ፊሊፒናዊት ነች፣ በየቀኑ ከዳሊ ሲቲ ትመጣለች። "ለነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ታክሲ ጥሪልኝ" አልኳት።

"ወዴት ነው?"

"ሳን ሆዜ።"

"ቤተሰብ ሊጠይቁ?"

"አዎ።"

"ደስ ይላል። ሰላም ይበሉልኝ" አለች።

ዛሬ ጾም ነው። ቁርስ ላይ ያለው እንቁላልና ቋሊማ ነው። አንድ ሙዝና ሻይ ወሰድኩ። የነፍስ አባቴ፣ አባ ወልደ ሚካኤል፣ "ታመዋል፣ ይብሉ፣ ፈትቼዎታለሁ" ብለውኛል። እሳቸው ቢፈቱኝም እኔ ራሴን አልፈታሁም። ነገም ፍትሐቱ አልቆ አፈር እስኪለብስ ድረስ እህል አልቀምስም።

ቅዳሜ

አልደረስኩም።

ታክሲው በሰዓቱ መጣ። ያለኝ ጠቆር ያለ ነገር ሰማያዊው ቱታ ነው፤ እሱን ለበስኩ። መድኃኒቴን በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። ሾፌሩ ጥምጥም ያሰረ፣ ፂሙ የሸበተ ሰው ነው። ትራሴን አይቶ "ልብ ነው?" አለኝ። "ነበር፤ ተሠርቷል" አልኩት። ሳቀ። የእሱም ወንድም እንደዚሁ ያለ ትራስ ነበረው አለ። ወንድም ሲል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ተራራውን መውጣት ስንጀምር ግንባሬን አላበኝ። ቀጥሎ እጄ ቀዘቀዘ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ዛፎቹ ወደ ጎን የሚወድቁ መሰሉኝ። የደኅንነት ቀበቶው ጠባሳዬ ላይ ተጭኗል። በቀስታ አላላሁት። ሾፌሩ ግን በመስታወቱ ያየኛል፤ እኔም ተሳፋሪ ሲደክም እንደዚያ ነበር የማየው። ዳር ያዘና አቆመ።

"ጌታዬ፣ ፊትዎ አመድ መስሏል። አምቡላንስ ልጥራ።"

"ንዳ።"

"አልነዳም። እኔ መኪና ውስጥ አይሞቱም። አምቡላንስ ነው ወይስ ሆቴል? ይምረጡ።"

ልሟገተው ፈለግኩ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት ከመንጃ ፈቃድ መጽሐፍና ከተሳፋሪ ነው፤ ለክርክር አያንሰኝም። ግን ምላሴ ደርቆ ነበር። አሰብኩት። አምቡላንስ ከመጣ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታል መጀመሪያ የሚደውለው ለሰናይት ነው። ሰናይት ስልኳን የምታነሳው ሬሳው አጠገብ ቆማ ነው። ጮኻ ትወጣለች፤ ያሬድ ይከተላታል፤ ግማሹ ለቀስተኛ ተሾመን ትቶ ወደ እኔ ይሮጣል። የወንድሜን ቀብር እኔ እበትነዋለሁ ማለት ነው።

"ሆቴል" አልኩት።

ሲያዞር ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄድኩም።

ሊንዳ በሩ ላይ ደግፋ አስገባችኝ። ሾርባና ደረቅ ብስኩት አመጣች፤ "አልበላም" አልኳት። "እዚሁ ቆሜ አያለሁ እንግዲህ" ብላ እጇን አጣምራ ቆመች። በላሁ። ተሾመ ገና አልተቀበረም ነበር፣ እኔ በላሁ። መፍዘዜ ለቀቀኝ። ከራሴ ጋር የተጣላሁት ያኔ ነው። ትናንት በልቼ ቢሆን፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ቁራሽ ዳቦ ቀምሼ ቢሆን፣ እደርስ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ዳዊቴን ይዤ መስኮቱ ጋር ተቀመጥኩ። ፊደል የለየሁት ብቻዬን፣ ሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። ለተሾመ ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የቻልኩትን ያህል አነበብኩለት። ውጭ ሰዎች አሸዋው ላይ ለውሻ ኳስ ይወረውራሉ። በእኛ ልማድ ያዘነ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ወንበሩ ሁሉ በሰው ይሞላል። እዚህ ክፍል ሁለት ወንበር አለ፣ በአንዱ ላይ ትራሴ ተቀምጧል። አለቀስኩ፤ ስቅስቅ ስል ደረቴን ስለሚያመኝ ትራሱን አንስቼ አቅፌ አለቀስኩ።

ሌላም ነገር አለ፣ ካልጻፍኩት ሐሰት ይሆናል። እናታችን ስትሞት ተሾመ ካርቱም ነበር፣ ወደዚህ መምጫውን እየጠበቀ። እኔ እዚህ ሆኜ ስምንት ወር ደበቅኩት። "ለእማዬ ሰላም በልልኝ" እያለ ይጽፍ ነበር፤ "ደህና ናት፣ ትስምሃለች" እያልኩ እመልስለት ነበር። ሲመጣ፣ ያኔ ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ በተከራየሁት ክፍል፣ ሦስት ሽማግሌ ይዤ በማለዳ መርዶውን ነገርኩት። "መቼ?" ብቻ ነው ያለኝ። ነገርኩት። ወሮቹን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳብኝም። ትክክል ነኝ ብዬ ነበር ያደረግኩት። ዛሬም አልተሳሳትኩም እላለሁ። ግን ጣቶቹን እያየኋቸው ነው የዋልኩት።

እሁድ

ጭጋግ ነው። ባሕሩ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ አለ።

ሰናይት ደወለች፤ ድምፇ ሻክሯል። "አባዬ፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ ቁርስ አብረን እንበላለን።"

"በስንት ሰዓት?"

"አሥራ ሁለት ተኩል።"

"ለቁርስ?"

"ትራፊክ እንዳይዘኝ ነው። ምናልባት አባም ይመጣሉ፣ ሊጸልዩልህ።"

በማለዳ ቄስ ይዞ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። "እሺ" አልኳት።

ፂሜን ተላጨሁ። የቱታውን እጀታ አጠብኩ። አንድ ነገር ያስጨንቀኛል፤ ያላወቀ ሰው ፊት ምን ይመስላል? መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት። አሳፋሪ ነው፣ ተውኩት።

በልቻለሁ። ሦስቴ በልቻለሁ። ነገ በወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ መቀመጥ አለብኝ።

ሰኞ

መጡ። በመስኮት አየኋቸው። ሰናይት ከጥቁር ቀሚሷ ላይ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ደርባለች፤ ጥቁሩ ከታች ይታያል። አባ መስቀላቸውን ይዘዋል። ሦስተኛው ግርማ ነው። ከሰው ሁሉ መርጠው ተናጋሪ ያደረጉት ግርማን ነው፣ ጋሽ በላቸው የሚሰማው እሱን ነው ብለው።

አባ ጸለዩ። ሰናይት ሻይ ቀዳች፣ "መጀመሪያ ቅመስ አባዬ" አለች። ቀመስኩ። ከዚያ ሁሉም ግርማን አዩት። ግርማ ምንጣፉን አየ። "ጋሼ..." አለ። "እንግዲህ ጋሼ፣ የሰው ልጅ..." አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።

አሳዘነኝ። "ተሾመ ነው?" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሰናይት እግሬ ላይ ወደቀች። "ይቅር በለን፣ ለልብህ ብለን ነው፣ ዶክተሩ ነው..." ትላለች። ራሷ ላይ እጄን ጫንኩ። አባ ለግርማ በሹክሹክታ "ጠንካራ ሰው ናቸው" ሲሉ ሰማሁ። ግርማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩ። "ማን ተሸከመው?"

"ያሬድ ከፊት ነበር፣ በቀኝ በኩል" አለች። ያሬድ ትንሹ ልጄ ነው፤ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም። "የአባቴን ቦታ ለማንም አልለቅም ብሎ መኪናው ድረስ ሌላ ሰው አላስነካም። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፣ ግን ሁሉም ገባቸው።"

በቀኝ ከፊት። እኔ የምቆመው እዚያ ነበር።

አባና ግርማ ወደ መኪናው ወጡ። ግርማ ሲያልፍ እጄን ያዘና አልለቅ አለኝ። እኔ አስለቀቅኩት። ሰናይት ብቻ ቀረች። "አባዬ፣ ምንም አልደነገጥክም እኮ። ታውቅ ነበር?"

ዓይን ዓይኗን አየኋት። "ሻንጣዬን አንሺ" አልኳት።

"ተቀይመኸናል?"

"ክብደት ማንሳት ተከልክያለሁ፣ አንሺልኝ ብያለሁ።"

አነሳችው። ይህን የምጽፈው እሷ ቁልፉን ልትመልስ ወደ ሊንዳ ስትሄድ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው። ከዚህ በቀጥታ ሳን ሆዜ፣ መቃብሩ ጋ እንሄዳለን። ስንት ቀን እንደደበቁኝ፣ ከማን እንደሰማሁ፣ ቅዳሜ የት እንደነበርኩ ከአፌ አይወጣም። ሰናይት ብትጠይቀኝ፣ ያሬድ ቢጠይቀኝ፣ ግርማ ራሱ ቃሉን ቢፈታልኝ አልናገርም። እዚህም ላይ ቢሆን ከዛሬ በኋላ አልጽፈውም።