እጅ የሚሄድበትን የፈለጉት አባ ጠመኔ

ሰፈሩ ሁሉ «አባ ጠመኔ» የሚላቸው አናጺው አባታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ደረጃው ሲረገጥ በሚጮህ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1958 ዓ.ም. አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ተቀጠሩ።

እዚያም ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከካታሎግ እያዩ ወንበር፣ ቁም ሳጥንና የደረጃ መደገፊያ ሠሩ። ሥራቸው ከሥዕሉ ውልፍት አይልም ነበር። ሰው ሲያደንቃቸው ግን «እኔ ገልባጭ ነኝ፣ የሥዕሉን ባለቤት አመስግኑ» ይሉ ነበር። የራሴ የሚሉት አንድ ነገር ሳይሠሩ መሞት ያስፈራቸው እንደነበር፣ በ1966 ዓ.ም. ካገቧቸው ከመምህርቷ እናታችን በቀር ማንም አያውቅም።

በ1977 ዓ.ም. የተጣመመ በር ሊያቃኑ አንድ ደንበኛ ቤት ተመለሱ። ራሳቸው የሠሩት የደረጃ መደገፊያ እንደ አዲስ ያብረቀርቃል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ግን በእጅ እድፍ ጠቁሯል። የቤቱ እመቤት «ያምራል እኮ፤ ግን ለመያዝ አይመችም» አሏቸው። አባታችን አፍረው ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበሉም። በማግስቱ የባለቤታቸውን ቁርጥራጭ ጠመኔ አድቅቀው ግድግዳውን ቀቡት። ከሳምንት በኋላ ሲመለሱ የቤቱ አያት፣ የነፍሰ ጡሯ ምራትና የሕፃኑ እጅ ያለፈበት መስመር ቁልጭ ብሎ ታያቸው። ካታሎግ ሳይገልጡ ያንን መስመር ተከትለው ሌላ መደገፊያ ሠሩ፤ ከፍ ብሎ ለአዋቂ፣ ዝቅ ብሎ ለልጅ፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ደክሞት ለሚቆም ሰው ሰፋ ያለ።

አለቃቸው «ግድግዳ እያቆሸሽክ ደንበኛ ልታሳጣኝ ነው?» ብለው ሲቆጡ ሦስት ልጆች ይዘው ሥራቸውን ለቀቁ። ዘመድ አዝማድ አበደ አለ፤ እናታችን ግን ከትምህርት ቤት ተጨማሪ ጠመኔ ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ መደገፊያ በሠሩላቸው ደረጃዎች ስንወጣ እጃችን ሳናዘው ቦታውን ያገኛል። ከአንድ ቀን እፍረት ይህ ሁሉ እንዴት እንደወጣ እኛ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ይደንቀናል። እሳቸው ግን «ሰዎቹ ያሳዩኝን ነው የሠራሁት» ከማለት አልተመለሱም።

በ2014 ዓ.ም. የመርሳት ሕመም ያዛቸው። ባለፈው ኅዳር ከሐኪም ቤት ፎቅ ደግፈን ስናወርዳቸው ድንገት ቆመው የደረጃውን መደገፊያ ደጋግመው ዳሰሱ። «ይሄን የሠራው ሰው ከማንም አልቀዳም» አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው «አባዬ፣ አንተ እኮ ነህ የሠራኸው» ብትላቸው ሳቁባት።

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ እኛ ነግረናቸው ያላመኑትንም እሱ ራሱ ይንገራቸው።