«ከስኳር ነፃ ነው» ብዬው

ሰኞ
ዛሬም ሁለት ጠርሙስ። ድንበሩ አንዱን ከምሳ ጋር ጠጣ፤ ሌላውን ከብየዳ ቤቱ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ጭልጥ አደረገው። ነጩን ለስላሳ፣ ዜሮ የሚሉትን። አፉን በመዳፉ ጠርጎ «እፎይ፣ ታከምኩ» ይላል። ሳቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬም ቀልዱን ከቁም ነገሩ መለየት አልቻልኩም፤ ፊቱ አንድ ነው።

ግን ከስቷል። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የባሌ ወገብ አይጠፋኝም። ሱሪው የቆመው በቀበቶ ነው።

ማክሰኞ
ጉዴ ፈላ! ቱታውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የስኳር ኪኒኑ ወጣ። ከታዘዘለት ሦስት ሳምንቱ፣ አንድ ፍሬ አልተነካም። ሲመጣ ፊቱ ላይ ዘረጋሁለት።

«ለምን አልዋጥክም?»

«ዜሮውን እየጠጣሁ? ሁለት መድኃኒት ባንዴ ሰው ይጎዳል።»

መድኃኒት! ማን ነው እንዲህ ያለህ ብለው «አንቺ ነሻ» አለኝ። «ከስኳር ነፃ ነው አላልሽኝም?»

ብያለሁ። ስኳር አለብህ የተባለ ቀን፣ ለስላሳ ቀረብኝ ብሎ ሲተክዝ አንጀቴን በላኝና «እንካ፣ ይሄ ከስኳር ነፃ ነው» ብዬ ገዝቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። እሱ ከስኳር ነፃ ያወጣል ብሎ ሰማኝ። «እሱ ራሱ ስኳር የለበትም። የሚጠጣው ሰው በምን ይኖርበታል?» ይላል። ደግሞ ያስኬዳል እኮ! ልቆጣ ስል ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ቀጥሎ እንባዬ።

ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ነው ያደገው፤ አማርኛን የለመደው ትልቅ ሆኖ ነው። የሱን ቋንቋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳበላሽ አንድ ቀን አልሳቀብኝም። እኔ ግን ዛሬ ሳቅሁበት።

ረቡዕ
በባዶ ሆዱ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ጣቱን ተወጋ። ሲስተሯ ቁጥሩን አይታ ካርዱ ላይ ጻፈችው።

«ከሁለት መቶ ሰማንያ በላይ ነው፣ ጋሼ። ዓይንዎን እንዴት ነዎት?»

«ብረቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል» አለ። ለኔ አልነገረኝም! ዓይኑ የደከመ በያጅ ምን ሊሆን ነው?

ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም፣ እግዜር ይስጣት። ዜሮው እንደ ሌላው ለስላሳ ስኳሩን አይሰቅልም፣ ግን አያወርድም አለችው። የሚያወርደው ኪኒኑ፣ ምግቡና መራመዱ ነው። አልፎ አልፎ ቢጠጣ ግድ የለም፤ በየቀኑ ከሆነ ግን ጥርስ ይጎዳል፣ ምላስም ከጣፋጭ አይላቀቅም። ለጥም ውሃ ይበቃል።

«ቆጮስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በግማሽ!» ብዬ እኔ መለስኩለት። ዜሮው ያጥበዋል እያለ እህቱ የላከችውን ቆጮ በእጥፍ ሲበላ ነው የከረመው።

መንገድ ላይ «አንቺን አምኜ ነው» አለኝ። አልወቀሰኝም፣ ዝም ብሎ ነው ያለው። እሱ ባሰብኝ።

ሐሙስ
ኪኒን፦ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዋጠ በኋላ አፉን ከፍቶ ያሳየኛል፣ ጅል! ቆጮ በግማሽ፣ ጎመን በእጥፍ። «በሬ አደረግሽኝ» አለ። ከሥራ በባጃጅ ሳይሆን በእግሩ መጣ። ለሱ ይሄ ለኔ መሞት ማለት ነው።

ዓርብ
ተኳረፍን። በጎመኑ። አልጽፍም።

ቅዳሜ
ምሳውን ይዤ ብየዳ ቤት ብቅ ስል፣ ዜሮውን ጨብጦ ይጠጣል! ደሜ ፈላ። ያሠራውን የብረት በር ሊረከብ የመጣ ደንበኛ ቆሟል፤ ማን አየው? «አንተ ሰውዬ፣ ልትገለኝ ነው?» ብዬ ከእጁ ነጠቅሁት።

«ቅመሺው» አለኝ።

ቀመስኩት። ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ፣ ያውም በፀሐይ የሞቀ።

«በኩባያ አልወርድልህ አለኝ» አለ፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ይቺ ጠርሙስ የመጀመሪያዋ ናት። ያን ቀን የሰጠሽኝ።»

ደንበኛው ዞር አለልን። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ምሳህ ይቀዘቅዛል ያልኩ ይመስለኛል።

ረቡዕ ድጋሚ ይለካል። እፈራለሁ። ብረቱ ዛሬም አልጠራለትም፤ ሲስተሯ ጊዜ ይፈልጋል ብላለች። ጠርሙሷን ግን እኔው አጥቤ ሞላሁለት። ስሰጠውም «ውሃ ነው» አልኩት፣ ሌላ ቃል አልጨመርኩም።