ከመካነ ብርሃን የመጣው ደም

ሰኞ
ሠራ! ረፋድ ላይ ያስተማርሁት ኮምፒውተር የቁንጭር፣ የዚያ ፊት የሚያቆስል በሽታ፣ ሕሙማንን ደም ለየ፤ ቁስላቸው በራሱ የሚድነውን ከማይድነው። ስሕተት የለም ማለት ይቻላል። የዳኑት ደም ውስጥ ተውሳኩን የሚገታው ምን እንደሆነ ካወቅን፣ ክትባቱ ሰውነትን ምን እንደሚያስተምር እናውቃለን። ጎንደር ላሉት አለቃዬ ለዶክተር አስናቀች ላክሁላቸው። "ጎሽ! ዓርብ ለክትባት ቡድኑ ታቀርቢዋለሽ" አሉኝ።

ግን ደባርቅ ከመጣሁ አምስት ወር ሆነኝ፤ የምነግረው ሰው አጣሁ። ምሳ ቤት አስተናጋጇን "ዛሬ ደስ ብሎኛል" አልኋት። "ሽሮ ነው ጥብስ?" አለችኝ።

ማክሰኞ
ጉም። ብርድ። ስላይድ መሥራት፣ ካልሲ ማጠብ፣ እናቴ ጋ መደወል። አልደወልሁም። ሥራዬን ማስረዳት ይደክመኛል።

ረቡዕ
ክሊኒኩ በር ላይ አንድ አዛውንት፦ መሪጌታ ውበቱ፣ ከመካነ ብርሃን፣ ለክትትል የመጡ። በካርድ ቁጥራቸው አወቅኋቸው። መዳን አለመዳናቸው ገና ካልታወቀው ሕሙማን አንዱ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ "ይድናሉ" ብሏቸዋል። ቁስሉ ግን ከአፍንጫቸው አልፎ ከንፈራቸው ደርሷል።

"ደሜንስ ምን አላችሁት፣ ልጄ? መኪና ታጥቶ ሦስት ቀን ጤና ጣቢያው ተቀምጦ ነው የመጣላችሁ።"

ነርሷ የቁንጭሩን መድኃኒት በመርፌ ዛሬውኑ ጀመረችላቸው። እኔ ወደ ደም መረከቢያው መዝገብ ሮጥሁ።

ሐሙስ
ከመካነ ብርሃን የመጣው ደም ሁሉ የዘገየ ነው። ደም ሲቆይ ይለወጣል። ከዚያ ከመጡት ደግሞ፣ አጋጣሚ ሆኖ፣ አብዛኞቹ የዳኑ ናቸው። ኮምፒውተሩ የተማረው የመዳንን ምልክት ሳይሆን የመንገዱን ርቀት ነው! የመድረሻው ቀን መዝገቡ ላይ ተጽፎ ነበር። አላየሁትም።

ማንም አላወቀም። ዝም ብል ነገ ያጨበጭቡልኛል። ስልኩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥሁት። በአራተኛው ደውዬ ስሕተቴን ተናገርሁ። ዶክተር "እንግዲያው ነገ አናቀርብም" ብለው ዘጉት። አለቀስሁ።

ዓርብ
በተቀዳበት ዕለት የደረሰውን ደም ብቻ ይዤ እንደገና ሞከርሁ። ውጤቱ እንደ ጉም በነነ። የዳኑትን ደም የምትለይ አንድ ፕሮቲን ብቻ ቀረች፤ እሷም ደካማ። እውነት ትሁን አጋጣሚ ገና አላውቅም።

መሪጌታ የመርፌ ተራ ሲጠብቁ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። "ስሕተቴን ያገኘሁት እርስዎን አይቼ ነው።"

"አይ፣ እንዲያ ከሆነስ መንገዱ አልከበደኝም" አሉ። ቀጥለው፣ "እዚህ ዘመድ አለሽ?"

"የለኝም።"

አላባበሉኝም። ጠጋ ብለው ቦታ አሰፉልኝ፤ ተራቸው እስኪደርስ አብረን ቆየን።

ከሰዓት ዶክተር ደወሉ። "ሰኞ እመጣለሁ። መዝገቡን አብረን እናየዋለን።" ተቆጥተው ይሁን አይሁን ከድምፃቸው አልለየሁም። ይቆጡ። ብቻ ይምጡ።