በመጂዳ ዚር ሥር የበቀለው ማገጥ

ለእህቴ ለአየሁሽ፤ ዳባት።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ብርዱ ጠናበት ወይስ ተወው? ልጆቹስ? ከብቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆላው እንደ ቆሎ ቢያምሰኝም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ከጠመመ የብዕሩ ጥፋት ነው።

የላክሽልኝ የማገጥ መኖ ዘር አምና ደርሶኛል። እንደምታውቂው ሟች ባለቤቴ ሀብትነሽ ትታልኝ የሄደችው ዳለቻ ላም፣ በበጋ የቆላው ሣር እንደ ሽቦ እየሆነባት ከሳች። ልጄ እንግዳውም ለከርሞ ጥምቀት በቂ መኖ ካላየሁ መተማ ገበያ ነድቼ እሸጣታለሁ አለኝ። አንቺም ማገጥ ቆላ አይወርድም፣ አንተ ግን እንኳን እኔን ሀብትነሽንም ሰምተህ አታውቅ ብለሽ አስጽፈሻል። አንብቤዋለሁ።

በግንቦት ዝናብ እንደጣለ እንደ አገራችን አደረግኩ። በደጋ ማገጥ ከእበት ላይ አይደል የሚበቅለው? ዘሩን በእበት ለውሼ ዘራሁ። የግብርና ሠራተኛው ቸሩ፣ አባባ እዚህ እበቱ ራሱ ይግላል፣ ማገጥ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ሙቀት የሚወደው ይህ ሣር ነው ብሎ የሣር ዘር ሰጠኝ። አንተ ሳትወለድ ከብት አርብቻለሁ አልኩት፤ ሣሩን ግን ከጎኑ ዘራሁት። ማገጡ በሦስተኛው ቀን በቀለ፤ ሰፈሩን ጠርቼ አሳየሁ። በሰባተኛው ቀን ቀትር ላይ መሬቱ እግር ሲያቃጥል፣ እንደ ተለበለበ ፀጉር ተኮማትሮ ቀረ። ሣሩ በዚያው እሳት ሽቅብ ይመዘዛል። ቸሩ አልሳቀብኝም፤ ይህ ነው ያናደደኝ።

በሐምሌ ጎረቤቴ ሱዳናዊቷ መጂዳ ጠራችኝ። ውሃ የምታቀዘቅዝበት ዚር የሚሉት ትልቅ እንስራ አላት፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ቀን ከሌት ላቡ ይንጠባጠባል። በግንቦት ዘሩን በለወስኩ ዕለት እበቱን ከእጄ የታጠብኩት እዚያ ነበር። ያንተ አረም ከእኔ ዚር ሥር ምን ይሠራል አለችኝ። ጎንበስ ብል ማገጥ፣ ሦስት ሦስት ቅጠሉን ዘርግቶ። ዘሩ ያው፣ አፈሩ ያው፤ የተለየው ቅዝቃዜው ነው። ቸሩን ይቅርታ አልጠየቅኩም። በየትኛው ወር ብዘራ እንደሚሻል ግን ሄጄ ጠየቅኩት።

አስቀርቼ የነበረችውን እፍኝ ዘር በኅዳር፣ ንጋቱ ሲበርድ፣ እኔም ዚር አቁሜ ከሥሩ፣ እበት ሳልጨምር፣ ዘራኋት። ዳስም ጣልኩላት። ዘግይታ በቀለች፤ ስትዘገይ ግን ሥር ሰደደች።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ላሚቱን ያጠገባት ማገጡ ሳይሆን በመስከረም አጭጄ የከመርኩት የቸሩ ሣር ነው። ማገጡ ገና አንድ ቁና አይሞላም። በጥምቀት ማግስት እንግዳው ገመድ ይዞ መጣ። ክምሩን ዞረ፤ የላሚቱን ጎን ዳበሰ፤ ከዚሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ማገጡን አየ። ከዚያ በዚያው ገመድ የሣር ነዶ አስሮ አቀረበላት።

ማገጡ ለዘር ይቆያል። ለኅዳር እጥፍ አድርጌ እዘራለሁና አንቺም ጨምረሽ ላኪ። አይወርድም ያልሽው ወርዷል።

ለባለቤትሽ ለይርዳው፣ ለባየሽ፣ ለታንጉ፣ ለሁሉም በየስማቸው ሰላም በዪልኝ። እንግዳውና ሚስቱ ታይቱ እጅ ነስተዋል። መጂዳም ማገጡን ያበቀለው የእኔ ዚር ነው ብለህ ጻፍ ብላኛለች፤ ጽፌያለሁ።

ወንድምሽ ፈረደ
ኮኪት፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.